ሁለት የሥራ መኪና

ጥቅምት 7 ቀን

ማሙሽዬ፣ የወንድሜ ልጅ፣

ፈጣሪ እጅህን ከጉዳት፣ እግርህን ከእንቅፋት፣ ልብህን ከትካዜ ይጠብቅልኝ። እኔ ከወገቤና ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ከእነሱም ጋር ብዙ ዘመን ስለኖርን ተላምደናል። ጎረቤታችን ጡረተኛው ሾፌር «አርባ ሁለት ዓመት የሞላውን ሰው ማሙሽ እያልሽ አታሳፍሪው» ይለኛል። እሱ አላሳደገህ፣ ምን ያውቃል።

በስልክ ብትነግሪኝ ምን ነበር እንዳትለኝ። በስልክ አንተም ደህና ነኝ፣ እኔም ደህና ነኝ ብለን እንዘጋለን። ወረቀት ላይ ግን ገጹን ሙሉ ደህና ነኝ ብሎ መሙላት ስለማይቻል የግድ ሌላ ነገር ይጻፋል።

መኪናዋን ገዛኋት። በላክኸው ገንዘብ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ። ኤሌክትሪክ ናት፣ ድምፅዋ አይሰማም፤ የመጀመሪያው ቀን የምትሠራ ስላልመሰለኝ ሁለት ጊዜ አጥፍቼ አበራኋት። የሱሪ እግር ከላይ እስከ ታች አንዴ ተንፍሼ ሳልጨርስ ሰፍታ ትሰጠኛለች። አሮጌዋን ግን አልሸጥኳትም። መርፌ ትሰብራለች፣ ፔዳሏም ይጮሃል፤ ቢሆንም የቦርሳ ማንገቻና የጂንስ ወገብ የምትበሳልኝ እሷ ብቻ ናት። ጎን ለጎን አስቀምጫቸው ከአንዷ ወደ አንዷ እየዞርኩ እሠራለሁ። ሱቄ ጠባብ ስለሆነች ደንበኛ ሲገባ እኔ ተነሥቼ እቆማለሁ።

ትናንት የንግድ ፈቃዴን ለማሳደስ ሄጄ ነበር። ቅጹን ዘንድሮ ለውጠውታል፤ አራት ገጽ ሆኗል። «የሥራ መኪና ብዛት» ይላል። ሁለት ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። «መለያ ቁጥር» ይላል፤ ሱቅ ተመልሼ አንገታቸው ላይ የተቀረጸውን ገልብጬ መጣሁ። «በቀን ስንት ሰዓት አገልግሎት ይሰጣሉ» ለሚለው አሥር። «የት ያድራሉ» ለሚለው «ሱቅ ውስጥ፣ ጨርቅ ለብሰው»። ቅጹን የተቀበለኝ ሰውዬ «ሁለት መኪና! በርቱ እናቴ» አለኝ። አልዋሽህም፣ ደስ አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ በርቺ የሚለኝ ሰው ካገኘሁ ቆይቻለሁ።

ፈቃዱ ሲታደስ የሰፈራችን ትምህርት ቤት የመጪውን ዓመት ዩኒፎርም ለእኔ ሊሰጠኝ ተስማምቷል። ሦስት መቶ ሸሚዝ ነው። እሱ ከተሳካ የዓመት ኑሮዬ ተቻለ ማለት ነው፤ ያለ ፈቃድ ግን አንድ ቁልፍ እንኳን አያስተክሉኝም።

መቼ እንደምትመጣ አልጠይቅህም። ዘንድሮ ላለመጠየቅ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ።

አክስትህ


ኅዳር 19 ቀን

እቴቴ፣

ሰላምሽ ይብዛልኝ፣ ጉልበትሽም ይታዘዝልሽ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወር አለፈው። መልሱን በልቤ ብዙ ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ ወረቀት ላይ ማስፈሩ ነው ያቃተኝ። ይቅር በይኝ።

እንኳን መኪናዋ ገባችልሽ። ምን ሆነ መሰለሽ፣ ገንዘብ መላኪያ ሱቁ ያገራችን ሰው ነው። «ምክንያት» የሚለው ላይ ምን ልጻፍ ሲለኝ «ለመኪና መግዣ» በል አልኩት። «ለማን?» አለኝ። «ለአክስቴ።» «አክስትህ ይነዳሉ እንዴ?» «እንዴታ! አርባ ዓመት ሙሉ፣ ያውም አንድ ጊዜ ሳትጋጭ» አልኩት። ያን ቀን ከሳቅሁ በኋላ እስካሁን አልሳቅሁም ብልሽ ማጋነን አይሆንም።

ሥራዬ ያው ነው። አውቶቡሶቹ ተራ በተራ ወደ ጋራዡ ይገባሉ፤ ከውስጥ እጠርጋለሁ፣ ከውጭ አጥባለሁ፣ መስታወት እወለውላለሁ፣ ቀጣዩ ይገባል። አርባ ናቸው። ሰው አውቶቡስ ላይ የማይረሳው ነገር የለም። ባለፈው ሳምንት መቀመጫ ሥር ሰው ሠራሽ ጥርስ አገኘሁ፣ ሙሉውን የላይ ድርድር። አለቃዬ ተረክቦ ዕቃ መመለሻው መደርደሪያ ላይ፣ በአንድ ጓንትና በአንድ ጃንጥላ መካከል አስቀመጠው። ባለቤቱ እስካሁን አልመጣም።

አለመጠየቅሽን አይቻለሁ። የመኖሪያ ፈቃዴ ጊዜያዊ ስለሆነ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ዘንድሮም ወረፋ ላይ ነው። እሱ ይለቅና እናያለን።

ያንቺው ማሙሽ


ታኅሣሥ 5 ቀን

ማሙሽዬ፣

ያለህበትን ቤት ሙቀት አያሳጣው፣ ከዚያ ጋራዥ ብርድም ይሰውርህ። የጥርሱን ነገር ለሾፌሩ ባነብለት በሳቅ ፈረሰ። ባለቤቱ ምን እየበላ እንደሚውል ግን እስካሁን ያሳስበዋል።

አሁን ደግሞ የእኔን ጉድ ስማ። ከትናንት ወዲያ ጠዋት ሱቄን ስከፍት በበሩ ሥር የገባ ባለማህተም ወረቀት አገኘሁ። «የሁለት ንግድ ተሽከርካሪዎች ባለንብረት ለሆኑት» ይላል፤ ከሥሩ የእኔ ስም ከነአባቴ። የመንግሥት በጀት ስለጎደለ፣ ጉድለቱ እስኪሞላ ድረስ ለሁለት ዓመት ብቻ የሚቆይ «ጊዜያዊ የተሽከርካሪ መዋጮ» ወጥቷልና በመኪናዎ ልክ ይክፈሉ ነው ነገሩ። የሁለቱ ሲደመር እኔ በአምስት ወር የማገኘውን ይበልጣል።

መጀመሪያ በስሜ የምትጠራ ሌላ ሀብታም ያለች መስሎኝ ነበር። ኋላ ቁጥሮቹን ሳይ ክው አልኩ። የአሮጌዋ የአንገት ቁጥር ነው! «የሥራ መኪና» ያሉት ለካ የሚነዳውን ኖሯል። እኔ ምን ላድርግ? ዕድሜዬን ሙሉ መኪናዬ ተበላሸች፣ መኪናዬን ዘይት ቀባሁ፣ ከመኪናዬ ላይ ተነሣሁ ስል የኖርኩ ሴት ነኝ። ለልብስ ሰፊ ሌላ ምን መኪና አለ?

ሾፌሩ ወረቀቱን አገላብጦ አየና «ጊዜያዊ» የሚለው ላይ ጣቱን አሳረፈ። ጎረምሳ እያለ የድልድይ ማለፊያ ለስድስት ወር ብለው ያስከፍሉት ጀመር አለኝ። ጡረታ በወጣበት ቀን፣ በመጨረሻው ጉዞው፣ ከፍሎ ነው ያለፈው።

እኔ ግን ብዙም አልተጨነቅሁም። በማግሥቱ ሄድኩ። መስኮት ሦስት ላይ አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት አለች፤ የሆነውን ነገርኳት። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከመስኮት ሁለትና ከመስኮት አራት ባልደረቦቿን ጠርታ እንደገና አስተረከችኝ፤ እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። ከዚያ ኮምፒዩተሩን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። «እናቴ፣ የሐዋላ ማስረጃም ተያይዟል። ‹ለመኪና መግዣ› ተብሎ ከውጭ ገብቶልዎታል። ላኪው ምክንያቱን አስተካክሎ ይጻፍልዎትና ያምጡ» አለችኝ።

እንግዲህ የምፈልገው አንድ ወረቀት ነው። እዚያ ገንዘብ መላኪያ ሂድና «የልብስ ስፌት መኪና» ብሎ ይጻፍልህ፣ ማህተም ያሳርፍበት። መንዳቴን ደግሞ እዚያ አታውራ። ይኸ ሳያልቅ ፈቃዴን አያድሱልኝም፣ ፈቃዱ ካልታደሰ ሸሚዞቹ የሉም። ቶሎ በል።

አክስትህ


የካቲት 3 ቀን

እቴቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ቶሎ በል ብለሽኝ ይኸው ሁለት ወር ሞላ፤ ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። መጀመሪያ ሱቁ ተዘግቶ ነበር። ቀጥሎ ሰውዬው ዕረፍት ወጥቶ ነበር። ከዚያ እኔ ሰዓቴ ተቀያየረብኝ። ሁሉም እውነት ነው፤ ሁሉም ተደምሮ ግን ሁለት ወር አይሞላም፣ እሱንም አውቃለሁ።

ወረቀቱ ከዚህ ጋር አለ። ማህተሙ ትንሽ ፈዟል፤ ሰውዬው ቀለሙ አልቆበት ሦስት ጊዜ መትቶታል። በቀልዴ እዚህ ጣጣ ውስጥ ስለከተትኩሽ ቆሽቴ እያረረ ነው። ሲጨንቀኝ መጥረግ የጨረስኩትን አውቶቡስ እንደገና እጠርጋለሁ።

ለጊዜው የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ልልክልሽ አስቤ ነበር። በሚመጣው ወር ይሆናል። ወይ በሚቀጥለው።

ማሙሽ


የካቲት 24 ቀን

ማሙሽዬ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን፤ ለእኔስ ሲመቸው ይመጣል።

ወረቀትህን ይዤ ሄድኩ። ማህተሙ ፈዟል አሉኝ። ይሁን ብዬ ከአንዱ ኃላፊ ወደ አንዱ ኃላፊ ተላክሁ። ስምንት ጊዜ ተመላለስኩ ማሙሽ፤ ወረፋ ስጠብቅ የደንበኞቼን ሸሚዝ ይዤ እየሄድኩ ቁልፍ እተክላለሁ፣ አንድ ቀን እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ አሥራ አንድ ሸሚዝ ጨርሼ ተመለስኩ። የዘበኛውንም ኪስ ሰፋሁለት። ሥራ ፈትቼ አልዋልኩም፤ ግን ደከመኝ።

በመጨረሻ መስኮት ሦስት ራሷ አዘነችልኝና በምሳ ሰዓቷ ሱቄ ድረስ መጣች። መኪናዎቼን በዓይኗ አየች፣ ፔዳሏን በእግሯ ረገጠች። «አምኜዎታለሁ እናቴ። ሲስተሙ ነው የማያምንዎት» አለችኝ። መዝገቡ ላይ ስህተት ነው የሚል ቦታ የለም። ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ይቋቋማል ተብሏል፣ የሚቋቋመው ግን መዋጮው ሲያበቃ ነው። አንድ ተሽከርካሪ ከመዝገብ የሚሰረዘው በሦስት ምክንያት ብቻ ነው፦ ሲሸጥ፣ ከጥቅም ውጭ ሲሆን፣ ወይም ከሀገር ሲወጣ።

ሽያጩን ሞከርኩ። ጫማ ሰፊውን በወረቀት ብቻ ግዛኝ ብዬ ለመንኩት። መዋጮው ለገዢ እንደሚተላለፍ ሲሰማ «እንኳን ልገዛሽ በነፃ ብትሰጪኝም እግሬ አውጪኝ ነው» አለኝ። ከጥቅም ውጭ ለማለት ደግሞ ተቆጣጣሪ መጥቶ ተሰባብራ ማየት አለበት። ሾፌሩ መዶሻ ላምጣ አለ፤ ቀልዱን ነው፣ እኔ ግን ለግማሽ ቀን አኮረፍኩት።

የቀረው ሦስተኛው ነው። መስኮት ሦስት ግድግዳዬ ላይ ያለውን ፎቶህን አየች፣ ያንን ቀዩን መኪና ተደግፈህ የተነሣኸውን። «ልጅዎ ውጭ ነው? እንግዲያው መኪናዎቹን እሱ ተረክቦ ከሀገር ወጥተዋል እንበል። እሱ ይፈርማል፣ ከሥሩ እርስዎ ያረጋግጣሉ፣ በቃ ይሰረዛል» አለችኝ። ደግ ሴት ናት፤ ከሥራዋ ሊያስወጣት የሚችል ነገር ነው ያለችው።

ቅጹን ልኬልሃለሁ። ትምህርት ቤቱ እስከ መጋቢት ሃያ ይጠብቀኛል፤ ከዚያ ሥራውን ለሌላ ይሰጣሉ። ሥራው ከሄደ የሱቁን ኪራይ አልችልም፣ ሱቁን ከለቀቅሁ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ሱቅ አልከፍትም። ይህን የምነግርህ ላስጨንቅህ አይደለም፣ ወይም ነው፣ እኔ እንጃ።

ብቻ ቅጹን ሁሉንም መስመር አንብብ። ዝም ብለህ አትፈርም።

አክስትህ


መጋቢት 2 ቀን

እቴቴ፣

ሰላምና ብርታት ይስጥሽ። ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ፣ ቅጹን ዛሬ ፈርሜ በአደራ ፖስታ ልኬዋለሁ። እስከ ሃያ በደንብ ይደርሳል። ይኸን አንድ ነገር እንኳን በጊዜው ላድርግልሽ።

ሁሉንም መስመር አንብቤያለሁ አልልሽም ብዬ ነበር፣ ግን አነበብኩት። «ተሽከርካሪውን የተረከቡት ግለሰብ ኑሯቸውን በቋሚነት ከሀገር ውጭ ያደረጉና የመመለስ ዕቅድ የሌላቸው መሆኑን» የሚለውንም አይቻለሁ። አታስቢበት፣ ወረቀት ነው። ሁለት የስፌት መኪና ለአውቶቡስ አጣቢ ተላኩ የሚል ወረቀት ላይ አንድ ተጨማሪ ውሸት ምን ያደርጋል ብዬ ነው እስክሪብቶ ያነሣሁት። እውነቱን ልንገርሽ ካልሽ ግን ሳነበው ውሸት አልመሰለኝም። ያ ነው ያስደነገጠኝ።

እንግዲህ ከጀመርኩ ልጨርሰው። የምልክልሽ ገንዘብ የዘገየው ሰዓት ስለቀነሱብኝ ነው። የዚህ ከተማም በጀት ጎድሎበታል፤ አሥራ ሁለት አውቶቡስ አቁመዋል፣ እኔ ደግሞ በአውቶቡስ ልክ ነው የምከፈለው። ለጊዜው ነው አሉን። ሌላው፣ ያ ቀይ መኪና የእኔ አይደለም። መንገድ ዳር ቆሞ ሳገኘው ነው የተነሣሁት። ስድስት ዓመት ሙሉ ግድግዳሽ ላይ ሆኖ ሰው ሲያይልሽ እኔ እዚህ እያፈርኩ ነበር።

ስሄድ ሁለት ዓመት ነበር ያልኩሽ። በየዓመቱ ፈቃዴን ሳሳድስ ዘንድሮ የመጨረሻዬ ነው እላለሁ፤ እነሱም ጊዜያዊ የሚል ማህተም ይመቱልኛል፣ አሥራ አራት ማህተም አለኝ። አሁን ብመጣ ምን ይዤ እመጣለሁ እቴቴ? በአርባ ሁለት ዓመቴ ሱቅሽ ውስጥ ቁልፍ ልተክል? ስለዚህ ፈረምኩ። ቢያንስ ለአንቺ ይጥቀምሽ።

ፎቶውን አውርጂው።

ማሙሽ


መጋቢት 21 ቀን

ማሙሽ፣

ፈጣሪ ከክፉ ሐሳብ ያሳርፍህ።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ አሥራ ሦስት ቀን ሆነው። እኔ ደብዳቤ በደረሰኝ ዕለት የምመልስ ሴት ነኝ፣ ታውቀኛለህ። አሁን ግን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩ።

ለማሻሻያው ወረቀት ሁለት ወር አቆየኸኝ። ለተራ ሰላምታ ወር አቆየኸኝ። ይኸን ግን በማግሥቱ፣ ያውም በአደራ ፖስታ! ለእኔ አዝነህ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ሁለት ቀን እንኳን አልሠራልኝም።

እኔም እውነቱን ልንገርህ። ያንን መስመር ሳላየው ቀርቼ አይደለም የላክሁልህ። መስኮት ሦስት ቅጹን ስትሰጠኝ እዚያው ነው ያነበብኩት። ሁሉንም መስመር አንብብ ያልኩህ «እቴቴ፣ አብደሻል እንዴ፣ ይኸንንማ አልፈርምም» ብለህ እንድትጮህብኝ ነው። ያን ጩኸት ነበር የምጠብቀው። አሥራ አራት ዓመት መቼ ትመጣለህ ስልህ እናያለን ብለኸኛል፤ በዚህኛው መንገድ ብጠይቀው ይሻል ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ተንኮሌ ራሴኑ ጎዳኝ።

መጋቢት አሥራ ስምንት ቀን ቅጹን ይዤ ሄድኩ። መስኮት ሦስት እስክሪብቶ አቀበለችኝና «እዚህ ጋ፣ ከልጅዎ ፊርማ ሥር» አለችኝ። ከኋላዬ ሠላሳ ሰው ተሰልፏል። መፈረም እንዳለብኝ አውቃለሁ። ሦስት መቶ ሸሚዝ ነው፣ ሱቄ ነው፣ ቀሪው ዕድሜዬ ነው። እጄ እምቢ አለኝ ማሙሽ። መኪናዎቼ ከሀገር ወጡ ብዬ ለመዋሸት ዝግጁ ነበርኩ። ልጄ አይመለስም ብዬ በገዛ እጄ ማረጋገጥ ግን አልቻልኩም። እንባዬ መስኮቱ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ከኋላዬ ያለው ሰውዬ «እናቴ ገንዘብ ጠፋብዎት?» አለኝ። አዎ አልኩት፤ ምን ልበለው። የመንግሥትም በጀት በአንተ መቅረት አይሞላም።

እና ከፈልኩ። በአራት ጊዜ መክፈል ይቻላል፤ የመጀመሪያውን ሩብ ለሁለቱም ከፈልኩ። አትቆጣ፣ አዲሷን ሸጬ ነው። ጥሩ ሰው ነው የገዛት፣ መጋረጃ ሰፊ፤ መዋጮው እንዳይተላለፍበት መዝገቡ ላይ በእኔው ስም ተውኳት። ሰው የገዛትን መኪና መዋጮ እኔ መክፈል እቀጥላለሁ ማለት ነው፤ ይኸንን ለሾፌሩ ሳስረዳው ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። ፈቃዴ ግን በዚያው ቀን ታደሰ፣ በሃያ ከትምህርት ቤቱ ጋር ተፈራረምን። ሸሚዞቹን በአሮጌዋ እሰፋቸዋለሁ። እየጮኸችም ቢሆን ትሄዳለች። ደረሰኙን ስቀበል ሁለት ክብ ወረቀት ሰጡኝ፣ የፊት መስታወት ላይ የሚለጠፍ። አንዱን የአሮጌዋ አንገት ላይ ለጠፍኩት፤ ደንበኛ ሁሉ እያየ ይስቃል።

ቀዩ መኪና የአንተ አለመሆኑን ያወቅሁት ፎቶው የደረሰኝ ቀን ነው። ሾፌሩ ነው ያየው። «የራሱ መኪና ቢሆን እንዲህ እንዳይነካው ተጠንቅቆ አይደገፍም ነበር» አለኝ። መኪናውን አይደለም የሰቀልኩት። አላወርደውም።

ምን ይዤ እመጣለሁ ብለሃል። አንድ ሰው ሸሚዝ ለመቁረጥ ጎንበስ ስል ወገቤን የሚያሳርፍልኝ እፈልጋለሁ። ቁልፍ መትከል ደግሞ ነውር አይደለም፤ አንተን ያሳደገህ እሱ ነው። የእኔ መልስ ይኸው ነው፣ ከዚህ ሌላ የለኝም።

ቅጹ ወፍራም ወረቀት ነው፣ ለመጣል አሳሳኝ። የሸሚዝ ኮሌታ ልክ ላወጣበት ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼዋለሁ። ለትምህርት ቤቱ ከሰፋሁት ናሙና የተረፈ ነጭ ጨርቅ አለኝ፤ ለአንተ አንድ ልሰፋ ነው። ችግሩ እኔ ዘንድ ያለው የአንገትህ ልክ የሄድክ ሰሞን የወሰድኩት፣ የሃያ ስምንት ዓመት ሰው አንገት ነው። ሜትር ካለህ ለካውና ላክልኝ። ከሌለህ በክር እንዳትሞክር፣ ክር ይሳባል፣ ያሳስትሃል፤ ያኔ መጥተህ እኔው እስክለካህ ቅጹን ሳልቆርጠው አቆየዋለሁ።

ሜትር የለኝም ብለህ ብትጽፍልኝ ደስ ይለኛል።

አክስትህ